ከገበያው ጀርባ የቀረፅኋት ሴት

ቡሬ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ዘጋቢ ፊልም መቅረፅ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። የመንገዷን የአንድ ቀን ውሎ ማሳየት ነበር የፈለግኩት። ካሜራዬን የተከልኩት በረንዳ ላይ ልብስ በሚሰፉ ሽማግሌ አጠገብ ነው። እሳቸው ፈቅደውልኛል፤ ከቀበሌም ወረቀት ይዣለሁ። ፊት ለፊታቸው ዛላ በርበሬ የምትሸጠውን ሴት ግን አልጠየቅኋትም። አንገቷን ደፍታ ስትለቅም ፊቷ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ማርኮኝ፣ አቅርቤ ቀረፅኋት።

ረፋዱ ላይ አንድ ጎልማሳ መጥቶ በመዳፉ ካሜራዬን ከለለው። ማን እንደላከኝ፣ ለማን እንደምቀርፅ ጠየቀኝ። ወረቀቱን አወጣሁ።

"ወረቀትማ ማንም ያጽፋል" አለኝ፣ ሳያየው።

በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ። ሰው ከበበን። ካሜራው ይወሰድ የሚሉ ነበሩ። ዝም ብለው የሚያዩኝን ግን የበለጠ ፈራኋቸው።

ሽማግሌው የስፌት መኪናቸውን ትተው ተነሡ። የቀረፅኩትን ሁሉም ፊት እንዳሳይ አዘዙኝ። በካሜራው ትንሽ መስኮት የእሳቸው እግር፣ ጭነት የያዘ አህያ፣ ሊስትሮ ታየ። ጎልማሳው ለዘብ አለ። ቀጥሎ የበርበሬ ሻጯ ፊት ሲመጣ ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳው ጥግ ወሰደችኝ።

"እህቴ፣ ደብድቦኝ ጥዬው የመጣሁት ባል አለ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያለሁበትን አያውቅም።"

እስከዚያ ቀን ከቀረፅኩት ሁሉ የሚበልጠው የእሷ ምስል ነበር። ዓይኗ እያየ አጠፋሁት። አላመነችኝም፤ ደግሜ እንድፈልገው አደረገችኝ። ፈለግሁ፤ የለም።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሽማግሌው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ቀና ሳይሉ፣ "ልጄ፣ እኛ ለክተን ነው የምንቆርጠው" አሉኝ። "አንቺ ሳትለኪ ቆረጥሽ።"

በማግስቱ ካሜራውን ማረፊያዬ ትቼ፣ ከበረንዳ በረንዳ እየዞርኩ ፈቃድ ጠየቅሁ። ግማሹ እሺ አለ፤ ጎልማሳው እምቢ አለኝ። የሴትዮዋ ቦታ ሁለት ቀን ባዶውን ዋለ። በእኔ ምክንያት ከከተማው ጠፍታ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ካሜራውን መልሼ በረንዳው ላይ ተክዬ ሳለሁ፣ መጣች። እንዴት አደርሽ አለችኝ፤ ከዚያ ጆንያዋን ካሜራው ወደማያይበት ጎን ጎትታ ተቀመጠች።