የአቃቂው ስንጥቅ

የድንጋይ ዕድሜ እለካለሁ ስል ሰዎች ተራራ ላይ ቆሜ አድማስ የምመለከት ይመስላቸዋል። ሥራዬ በአብዛኛው መፍጨት ነው። ድንጋይ በመዶሻ እሰብራለሁ፣ የተሰበረውን አደቅቃለሁ፣ የደቀቀውን በወንፊት እነፋለሁ፤ ከዚያ አጉሊ መነጽር ሥር ቁጭ ብዬ ጤፍ የሚያህሉ ቅንጣቶችን በወረንጦ እለቅማለሁ። እናቴ አንድ ቀን ስለቅም አይታኝ፣ «ይሄን ለመማር ነው ባሕር የተሻገርከው?» አለችኝ። መልቀሜን ቀጠልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ ላቫ ከረጋ በኋላ፣ በውስጡ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ እጅግ በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ተቆልፎ ይጠራቀማል። ድንጋዩን መልሰን አቅልጠን ጋዙን ስንለካ ላቫው ከስንት ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደረጋ እናውቃለን። ማሽኑ ዕድሜ ይናገራል እንጂ አድራሻ አይጠይቅም። አድራሻውን የሚሰጠው ድንጋዩን ያነሳው ሰው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩን አንድ ሕግ ነው፤ ድንጋይ ከማንሳትህ በፊት ዙሪያውን ቆፍረህ፣ ከሥሩ ካለው አለት ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋግጥ። ከሌላ ቦታ የመጣ ድንጋይ የሌላ ቦታ ታሪክ ይነግርሃል።

ይህን ሕግ በማላውቀው አገር ሁሉ አክብሬዋለሁ። አፋር ውስጥ ድንጋይ ሳይሆን ውሃ የሚያስፈልገኝ ሰዓት ላይ እንኳ ቆፍሬ አይቻለሁ። ያላከበርኩት አቃቂ ላይ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም አቃቂን አውቃታለሁ።

ሰው የተወለደበትን ቦታ ከማንም በላይ ያውቃል ይባላል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። የተወለድንበትን ቦታ ጠይቀን አናውቅም። ከእኛ በፊት የነበረ ነገር ሁሉ ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል።

ያደግኩት ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ለሠራተኞች በተሠሩት ቤቶች ነው። አባቴ የሐዲድ ጥገና ካቦ ነበሩ። ሰዎቻቸውን አስከትለው በሐዲዱ ላይ በእግር ይሄዳሉ፤ የላላ ብሎን ያጠብቃሉ፣ የተበላ ጠጠር ይሞላሉ፣ ክረምት የሸረሸረውን ዳር ይደግፋሉ። ቤት ሲገቡ ብዙ አያወሩም ነበር። እኔም ስለ ባቡር ብዙ አልጠየቅኳቸውም፤ የጓደኞቼ አባቶች የሚሠሩበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይበልጥ የሠለጠነ ይመስለኝ ነበር። ሐዲዱ ወንዙን የሚሻገርበት ድልድይ አጠገብ፣ ከዳሩ ላይ ወጣ ያለ ጥቁር አለት ነበር። ከዋና ስንወጣ ልብሳችንን የምናሰጣው እዚያ ላይ ነው።

ለዶክትሬቴ የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ታሪክ ሳጠና አንዱን ክረምት አቃቂ አሳለፍኩ። ከወንዙ ወለል ሁለት፣ ከላይ ከጥቁሩ አለት ደግሞ አንድ ናሙና ወሰድኩ። የታችኞቹን ቆፍሬ አረጋገጥኩ። የላይኛውን ቂጤ ያውቀው ነበርና በመዶሻ መትቼ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት።

ውጤቱ ሲመጣ የላይኛው ከታችኞቹ በብዙ ሚሊዮን ዓመት አርጅቶ ተገኘ። ላቫ በላቫ ላይ ስለሚፈስ ከላይ ያለው ወጣት መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው፤ ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ምድር ተሰንጥቃ የታችኛውን አሮጌ አለት ወደ ላይ አውጥታዋለች። ገና ሠላሳ አልሞላኝም ነበር። ምድርን መረጥኩ።

ስንጥቁን በካርታ ላይ በተቆራረጠ መስመር አሰመርኩት፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መስመር «አላየሁትም፣ ግን መኖር አለበት» ማለት ነው። ትልልቆቹ የሙያው ሰዎች እዚያ ቦታ ስንጥቅ የለም አሉ። ይህ እጅግ ጠቀመኝ። መቃወም እወዳለሁ፤ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኜ ሳይሆን ጤና ስለሚሰጠኝ ነው። ተከራከርኩ፣ ጻፍኩ፣ ዶክተር ሆንኩ፣ ተመልሼ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመርኩ። ከጊዜ በኋላ ሌሎች ስንጥቁን በራሳቸው ካርታ ላይ አስገቡት። አንዱ የተቆራረጠውን መስመር ገጣጥሞ ቀጥ ያለ አደረገው። አንድ ነገር እውነት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ዓመታት አለፉ። ለፕሮፌሰርነት የሚቀርብ ፋይል አዘጋጅቼ አስገባሁ። የፋይሉ ራስ ያው የአቃቂው ስንጥቅ ነበር፤ ሌላው ሥራዬ ከእሱ ሥር የተሰለፈ ነው። እሑድ ቀን ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ የፋይሉን ቅጂ ይዤ ነበር። አባቴ ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ጠረጴዛው ላይ ያገኙትን ገጽ በገጽ ገለጡ። እንግሊዝኛውን አልፈው ፎቶግራፉ ላይ ቆሙ።

«ይሄ የኛው ድልድይ አይደለም?»

«ነው፣ አባባ።»

«መዶሻው እዚህ ምን ይሠራል?»

«የድንጋዩ ትልቅነት እንዲታወቅ ነው።»

«ሰው ብታቆም አይሻልም ነበር? የሰው መዶሻ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል።» ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። «ደህና ይዟል» አሉ።

«ምኑ?»

«ካቡ ነዋ።»

ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። መላጤን አላቆምኩም።

«የምን ካብ?»

«እኔ የካብኩት! አንተ በተወለድክበት ክረምት ወንዙ ሞልቶ ዳሩን በላው፤ ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከድሬዳዋ በኩል ድንጋይ የጫነ ባቡር መጥቶ ማለፊያ አጣ። ድንጋዩ ለሌላ ሥራ የታዘዘ ነበር። አለቃው ፉርጎዎቹን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ‘አራግፉት’ አለን። አራገፍነው። ሳምንት ሙሉ ቤት አልገባሁም፤ እናትህ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።»

«እወቅሳለሁ!» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ሌላ ቦታ ይሆናል፣ አባባ። ይሄ እኮ ሲሚንቶ የለውም።»

«ሲሚንቶ!» አሉ፤ የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ። «ድንጋይ ጠርበህ ከገጠምከው ሲሚንቶ ምን ያደርግልሃል? በየመሃሉ ጭቃ ጠቅጥቀንበታል። ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እጄ የሠራውን አላውቅም እንዴ?»

ያኔ ምን ተሰማህ ብትሉኝ ብርቱካኑ ጎምዛዛ ነበር ነው የምላችሁ። ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ዲጂኖ ይዤ ወረድኩ። በልጅነቴ የተቀመጥኩበትን፣ በወጣትነቴ የመታሁትን፣ ፎቶ ያነሳሁትን አለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሪያውን ቆፈርኩ። ጭቃው እንደተባለው ጠንክሮ ነበር። አንዱ ድንጋይ ተላቆ ሲወጣ ከጀርባው ድንጋዩ እንዳይላወስ ሽብልቅ ሆኖ የገባ ነገር አገኘሁ፤ የተጠፈጠፈ የሰርዲን ቆርቆሮ። የሚሊዮኖች ዓመት አለት ሰርዲን በልቶ አያውቅም። ድንጋዩን ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ሞከርኩ፤ አልገጥም አለኝ። በላዬ የጭነት ባቡር አለፈ። ካቡ ንቅንቅ አላለም።

ጉዳዩን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ ቢሮ ለሚጋራኝ ባልደረባዬ። ሳሪስ ነው የሚኖረው፤ በየቀኑ አርፍዶ ይገባና በታክሲ ሰልፍ ያሳብባል። ሰምቶኝ ሲያበቃ በሩን ዘጋ።

«አባትህ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰማንያ እየተጠጉ ነው።»

«እና የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ትዝታ ዳታ ሆነ?»

«ሰርዲኑስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አቃቂ ወንዝ ውስጥ ሰርዲን ባይገኝ ነው የሚገርመኝ። ዝም በል። ፕሮፌሰር ሁንና አርመው።»

«ከሆንኩ በኋላማ አላርመውም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ሳቀ። «ዕድሜ ልክህን ሰው ስትቃወም ኖረህ፣ ሰው ሲያልቅብህ ራስህን ልትቃወም ነው?»

ደህና ስድብ ነው፤ እስካሁን አልረሳሁትም። የጻፍኩት ግን በሕሊና ግፊት ነው ብዬ አላስመስልም። ሕሊናዬ ለረዥም ጊዜ ነገር ሳያሳስበው የኖረ ነው። ስንጥቁ በካርታው ላይ እስካለ ድረስ ካቡ የለም፤ ካቡ ካለ ስንጥቁ የለም። ከሁለቱ አንዱን በዲጂኖ ነክቼዋለሁ። ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ጽሑፉን ላወጣው መጽሔት አንድ ገጽ የማይሞላ ማረሚያ ላክሁ። ድንጋዩ በተፈጥሮ ቦታው ያልነበረ መሆኑን፣ ስንጥቁ ከካርታ እንዲሰረዝ፣ መረጃውን የሰጡኝም ጡረታ የወጡ የሐዲድ ካቦ መሆናቸውን ጻፍኩ። ከዚያ ለሹመቱ ያስገባሁትን ፋይል ላስወጣ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቅጽ ሰጠችኝ፤ «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። «ድንጋዩ የመጣው በባቡር ስለሆነ» ብዬ ሞላሁ። አነበበችው፣ አየችኝ፣ ማኅተም መታችበት።

ማረሚያው ታትሞ ሲደርሰኝ እሑድ ቀን ወስጄ ለአባቴ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ካቦ ብቻ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ዋና ካቦ ነበርኩ።»

«ታትሞ አልቋል፣ አባባ።»

«ሹመቱስ?»

«ቀረ።»

«በዚህ ድንጋይ?»

«በዚህ ድንጋይ።»

ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ያን ክረምት ጆንያህን እስከ ጣቢያው የተሸከምኩልህ እኔ ነኝ» አሉ። «አፉን ሳስር አየሁት፤ አንዱ ነጭ ነጠብጣብ ነበረው። የአቃቂ ድንጋይ እንደዚያ አይደለም። ከድሬዳዋ በኩል የመጣው ነው እንደዚያ ነጠብጣብ ያለው። አወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የተማርክ ነህ። ከድሬዳዋ የመጣ ድንጋይ የፈለግክበት የራስህ ምክንያት ይኖርሃል ብዬ ነው።» ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። «ደግሞስ መቼ ጠየቅከኝ?»

እናቴ ምሳ ቀርቧል አለች። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ፤ ከዚያ ማስታጠቢያውን ይዤ ለአባቴ ውሃ አፈሰስኩላቸው።