ሦስተኛ ፎቅ፣ ግራ በኩል

ሰው መምታት እንደምችል ያወቅኩት በአርባ አራት ዓመቴ፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ የአንድ ተማሪ ጆሮ ቆንጥጬ አላውቅም።

የምንኖረው ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም አለፍ ብሎ ባለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ዕጣው ሲወጣልን ሚስቴ መሬት ስማ ነበር። ብሎኮቹ አንዱ ካንዱ አይለዩም፤ ቀለማቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ፣ የብረት በራቸው አንድ ነው። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከዝናቡ ጋር ታጥቦ ከሄደ ቆይቷል። እኛም በገባን ሰሞን እንሳሳት ነበር። ሚስቴ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ የሰው ቤት ገብታ ዘንቢሏን ወጥ ቤት ካስቀመጠች በኋላ ነው የማታውቀው መጋረጃ ያየችው። የቤቱ ባለቤቶች ምሳ አብልተው ሸኟት። ስንት ጊዜ አውርተን ስቀንበታል።

በዚያ ክረምት ግን ሳቅ አልነበረም። ሌባ ሰፈሩን አስመርሮት ነበር። ከየበረንዳው የጋዝ ሲሊንደር ተወሰደ፣ የተሰጣ ልብስ ከነገመዱ ጠፋ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ጎረቤታችን ሌባ ሊይዝ ሲታገል እጁን በጩቤ ተወጋ። የብሎካችን ነዋሪዎች ተሰበሰብን። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ወጣት ተነሥቶ፣ «ጣቢያ ብንወስደው በማግስቱ ይለቁታል። የተያዘ ዕለት እዚሁ ነው ማስተማር» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ቅዳሜ ነበር፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት። ልጆቻችን አክስታቸው ዘንድ ሳንሱሲ ሄደዋል። ሚስቴ ብቻዋን ቤት ነበረች። ውኃ መጥቶ ስለነበር እኔ ታች ሆኜ እቀዳለሁ። ድንገት ከላይ ጩኸት ሰማሁ።

«ኡ ኡ! ሌባ! የሰው ያለህ! ሌባ!»

የሚስቴ ድምፅ ነው። ከውኃ ሮቶው ሥር ግንበኞች የተዉት አንድ ክንድ የሚያህል የፌሮ ብረት ወድቆ ነበር። እሱን አንሥቼ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ መብራት ስለሌለ ኮሪደሩ ጨለምለም ብሏል። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ በሬን በትከሻው ይገፋል። ከውስጥ ሚስቴ በሩን ተደግፋ ትጮኻለች።

«ማነህ?» አላልኩትም። ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ዞር ሲል ደገምኩት። ራሱን ለመከላከል ቀኝ እጁን አነሣ፤ ፌሮው እጁ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ሰምቼም አላቆምኩም።

«ቤቴ ነው!» አለ ሰውየው። «ኧረ ቤቴ ነው!»

የኔን ቤት ቤቴ ነው ሲል ጭራሽ ባሰብኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩትን ቤት! ጎኑን መታሁት። ወደቀ። ወድቆም መታሁት።

ከየፎቁ ሰው ወጣ። የአራተኛ ፎቁ ወጣት ደረቱን በእርግጫ አለው። አንዱ ጃኬቱን ይዞ ወደ ደረጃው ጎተተው። ሌላው በጥፊ፣ ሌላው በጫማ ተረከዝ ተረባረቡበት። በደረጃው ሲጎትቱት ራሱ በየእርከኑ ይጋጫል። ይዞት የነበረው ፌስታል ተቀዶ ዳቦውና አምፑሉ ወደቁ። አምፑሉ ፈነዳ፤ የሰዉ እግር ስብርባሪውንም ዳቦውንም ይረግጠዋል። እኔ ፌሮዬን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ፣ የምጮኸውንም አላውቅም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ከላይ የሴት ድምፅ መጣ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት፣ ቅቤና በርበሬ የሚነግዱት እማማ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ነጠላቸው ወድቆ፣ አንድ ነገር በእጃቸው ከፍ አድርገው ይወርዳሉ።

«ልቀቁት! እናንተ ጉዶች፣ ልቀቁት! ቁልፍ ይዞ የሚሰርቅ ሌባ የት አያችሁ?»

በእጃቸው ያለው ቁልፍ ነበር። በሬ ላይ ተሰክቶ አግኝተውት ነው። ካርቶን ታስሮበት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቤት ስንረከብ ለሁላችንም የሰጡን ዓይነት።

«ቁልፉንስ ከየት አምጥቶት ነው?» አለና ወጣቱ አንድ እርግጫ ጨመረ። እማማ ሄደው ሰውየው ላይ ተኙበት። ያኔ ነው ወጣቱ እግሩን የሰበሰበው።

ሰውየው ከአፉ ደም እየወጣ ቀና አለ። ያኔ ገና ፊቱን አየሁት። ፀጉሩ የሸበተ፣ ስድሳ የሚሆነው ሽማግሌ ነው። እኔን እያየ፣ «ብሎክ አሥራ አንድ አይደለም እንዴ?» አለ።

የኛ ብሎክ አሥራ ሁለት ነው።

ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ከዚያ በሮች ሲዘጉ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዞር ስል ደረጃው ላይ የቀረነው እማማ፣ ሰውየውና እኔ ነበርን።

አቅፌ አወረድኩት። እማማ ወደ ብሎክ አሥራ አንድ ሮጠው የሰውየውን ሚስት ጠርተው መጡ። ከገቡ አራት ቀናቸው ነው፤ ይኖሩበት የነበረው የቀበሌ ቤት ፈርሶ ነው የመጡት። ሴትዮዋ እጃቸው ላይ ሊጥ ነበረ። ላዳ አስቁሜ ኋላ ወንበር ላይ ባላቸውን ጭናቸው ላይ አስተኛንላቸው። ላዳው እንደተነሣ ሴትዮዋ፣ «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው ከፊት ወንበር ዞሬ።

በአንድ እጃቸው የባላቸውን ራስ ይዘው በሌላው በቡጢ ፊቴን ይመቱኝ ጀመር። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። «አትቁም፣ ንዳ!» አሉት፣ መምታታቸውንም አልተዉም። አፍንጫዬ ደማ። ሊጡ ፊቴ ላይ ደረቀ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ እጄን አላነሣሁም።

ቀኝ እጁ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሦስት የጎን አጥንት፣ አንድ የጆሮ ታምቡር። የሰውየው ሥራ ፀጉር ማስተካከል መሆኑን የነገሩኝ ሚስቱ ናቸው፤ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚነግሩ ሆነው።

ፖሊስ ከዚያው ወሰደኝ። መርማሪው፣ «ካንተ ሌላ ማን መታ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩ። ውሸት ነው፤ አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ታስሬ በዋስ ስወጣ ጎረቤቶቼ እንደ ጀግና ተቀበሉኝ። ወጣቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ አንተ ወንድ ነህ» አለኝ። በእርግጫ ብመታው ደስ ባለኝ። ግን ያው የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሚስቴ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ነበር። «ያስመታሁት እኔ ነኝ» ትላለች። «አንቺ ጮኽሽ እንጂ ፌሮ አላነሣሽም» እላታለሁ፣ አትሰማኝም። ሰውየው ከሐኪም ቤት ከወጣ ጀምሮ በየቀኑ ምግብ ይዛ ትሄዳለች። መጀመሪያ በሩ አልተከፈተላትም። በስድስተኛው ቀን ተከፈተ።

በወሩ ሦስት ሽማግሌዎችና እማማ ወደ ሰውየው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ግራ በኩል። በሩም መስኮቱም ልክ የኛን ቤት ይመስላል። ሰውየው አልጋው ላይ እጁን በጀሶ ታስሮ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ወደቅኩ።

«ተነሥ» አለኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤቴ ነው ስልህ ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼዎታለሁ።»

«ታዲያ?»

«ባሰብኝ። ይበልጥ የመታሁዎት ከዚያ በኋላ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ኧረ እንዲህ አይባልም!» ብለው ክንዴን ቆነጠጡኝ። የሰውየው ሚስት ፊታቸውን ሸፍነው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እሱ በደኅናው እጁ አልጋውን ተደግፎ ቀና አለ።

«በል እሺ» አለ። «ለፈጠረኝ ብዬ ይቅር ብያለሁ። ክሱን ግን አላነሣም። መንግሥት የራሱን ይፍረድ።»

ሽማግሌዎቹ ለመኑት፣ አልተመለሰም። እኔም አልለመንኩትም።

ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አለኝ። ጥፋቴን ስላመንኩና ተጎጂው ይቅርታ ማድረጉን ራሱ ስለተናገረ ቅጣቱ በገደብ ሆነልኝ። ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ተማሪዎች ሰምተዋል፤ ክፍል ስገባ ድሮ የማላውቀው ጸጥታ አለ።

የሰውየው አውራ ጣትና ሌባ ጣት አይገጥሙም። መቀስ መያዝ አልቻለም። ሚስቶቻችን አሁን እኅትማማች ሆነዋል፤ ሚስቴ ስትታመም ሦስት ቀን አጠገቧ ሆነው ያስታመሟት የሱ ሚስት ናቸው። እኔና እሱ ግን ግቢ ውስጥ ስንገናኝ አንገት ዝቅ እንባባላለን እንጂ አንነጋገርም።

ባለፈው ጾም ሚስቴ ለሚስቱ የላከችውን ዕቃ ላደርስ ወደነሱ ብሎክ ስገባ ደረጃው ላይ አገኘሁት። የከሰል ማዳበሪያ በግራ እጁ ይጎትታል። ላግዘው ጎንበስ ብዬ ማዳበሪያውን ያዝኩ።

«አትንካው» አለኝ።

አልጮኸም፣ አልተቆጣምም። ለቀቅኩት። አንድ እርከን በሳበ ቁጥር እያረፈ ወጣ። ከሰሉ እየተንሿሿ ከዓይኔ እስኪጠፋ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ያመጣሁትን ዕቃ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ለሚስቴም ነገ አንቺ ውሰጂው አልኳት።