በደረቀ ብራና የታሰሩ ሁለት ጣቶች

መጀመሪያ የተሰማኝ ጥዝጣዜ ነው። የቀኝ እጄ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከልቤ ምት ጋር እኩል ይመቱ ጀመር። ይህን የምጽፈው ቁስሉ ላመረቀዘበት ሰው ነውና፣ ከዚያ በፊት የሆነውን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ከደብረ ታቦር በታች ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ንባብ አስተምራለሁ። በዚያ ሰሞን ሠራዊት በአገራችን ያልፍ ነበር። ወታደሮች ግቢያችን ገብተው የእህቴን ገብስ ማውጣት ያዙ። እኔ የአንዱን ስልቻ አፍ ጨብጬ ቀረሁ።

"ልቀቅ፣ አንተ ደብተራ!" አለኝ አንደኛው።

አልለቀቅኩም። ጎራዴውን መዘዘ። ጣቶቼ ላይ አሳረፈው። ስልቻው ተቀደደ፤ ገብሱ በደሜ ላይ ፈሰሰ። እህቴ ስትጮህ በጎራዴው እጀታ ደረቷን መታት። ከዚያ ሄዱ።

ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም፤ አጥንት አልነካም። እንደምታውቁት ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እኔ ግን ለቁስሉ በቀረበ መጠን ይበልጥ ይረዳል ብዬ አሰብኩ። በቀሩት ሦስት ጣቶች ብርዕ ይዤ ቀጭን ብራና ላይ ጸሎት ጻፍኩ። እንዲለዝብም ጀርባውን በውሃ አርሼ ሁለቱን ጣቶች አንድ ላይ ጠመጠምኩበት። እህቴ በጅማት ሰፋችው። ብርድ ብርድ ስላለኝ እጄን ዘርግቼ እሳት ዳር ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ያልኳችሁ ጥዝጣዜ መጣ። ከዚያ ትኩሳት። ብብቴ ሥር ንፍፊት። እህቴ ማሰሪያውን ላላላልህ ብላ ቢላ አመጣች። ወደ ብራናው ጎንበስ አለች። የተጻፈው የአምላክ ስም ነው። ቢላውን አስቀመጠችው። እኔም "ደግ አደረግሽ" አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጣቶቼ ዝም አሉ። ደስ አለኝ። ጥፍሮቼ ግን ጠቁረው ነበር። ይሸቱም ጀመር።

እህቴ የአገሩን ወጌሻ አያ በላይን ጠራች። እጄን ገልበጥ አድርጎ አየው።

"ይህ ሥጋ ሞቷል። ወይ ሁለት ጣት፣ ወይ ክንድ። ምረጥ።"

"ጣት" አልኩ።

ጋፋት ካለ ቀጥቃጭ ያሠራውን ቢላ ፍም ውስጥ ከተተ። ጠፍር አስነከሰኝ። "መምህር፣ ካሻህ ዜማ አሰማን፤ በሬዎቹ ይደነግጡ ይሆናል እንጂ እኔ አልደነግጥም" አለኝ። ሁለት ጎረቤቶች ደረቴ ላይ ተቀመጡ። ቆረጠ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። በጋለው ብረት ተኮሰው። የራሴ ሥጋ ሸተተኝ። ከዚያ ሁለተኛውን።

ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን ለቀቀኝ። እህቴ ማለዳ ማለዳ በለብታ የጨው ውሃ እያጠበች ንጹሕ ማር ትቀባኝ ነበር፤ መግሉ እየቀነሰ ሄዶ፣ ስንዴው እሸት በያዘ ጊዜ ቁስሉ ጠግጎ በሦስት ጣት ብርዕ መያዝ ቻልኩ። ያን ጊዜ የሆነብኝን ለሌሎች ልጻፈው አልኩ። ከራሴ አውጥቼ ጽፌ ስለማላውቅ ቁም ጸሐፊው የኔታ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ሄጄ እንዲያሠለጥኑኝ ለመንኳቸው።

የመጀመሪያው ጽሑፌ "ጎራዴው ሁለት ጣቶቼን ቆረጣቸው" ይል ነበር። የኔታ አነበቡና ሳቁ።

"ጎራዴው ከቆረጣቸው አያ በላይ ምን ቆረጠ? አየር?"

መፋቂያ ቢላቸውን አንስተው መስመሩን ፋቁት። በሁለተኛው "የዕጣዬ ነገር ሆኖ ጣቶቼ ጠቆሩ" ብዬ ጻፍኩ። ፋቁት። በሦስተኛው ወታደሩን ረጅም እርግማን ረገምኩት። እርግማኑን እስከ መጨረሻው አንብበው እሱንም ፋቁት። ከዚያ ብራናውን ወደ ፀሐይ አንሥተው አሳዩኝ፤ ብርሃን ያሳልፋል።

"ሌላ ፍቀት አይችልም፤ ይበሳል" አሉኝ። "አንተ ልጅ፣ ርጥብ ብራና እሳት ዳር ሲደርቅ ምን ይሆናል?"

ይህን እያንዳንዱ ተማሪ ያውቃል። ይኮማተራል። እንጨት እስኪያጎብጥ ድረስ ይወጠራል። እኔም ጣቶቼ ላይ ያደረቅኩት ይህንኑ ነበር።

"ይህን ከጻፍኩ ልጁን የሚልክልኝ አይኖርም፣ ከእኔ የሚማርም አይኖርም" አልኳቸው።

"እንግዲያው አትጻፍ" ብለው ብርዑን ከእጄ ወሰዱት።

በዚያው ቅጽበት የጎረቤታችን ሚስት እመት ዘነቡ እየሮጠች ደረሰች። ባሏ እንጨት ሲፈልጥ እግሩን በመጥረቢያ መትቶታል።

"መምህር፣ ይምጡና ይድገሙለት! ልክ አንቱን ክታቡ እንዳዳነዎት አድርገን በብራና አስረነዋል፤ እሱ ግን ይጮኻል።"

የኔታ አላዩኝም። መፋቂያ ቢላውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ሮጥኩ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ሰማያዊ ሆኗል፤ ብራናው ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ቢላውን ሳስጠጋ እመት ዘነቡ ክንዴን ያዘች።

"የእግዜርን ስም በቢላ!"

"እኔን ያዳነኝ ክታቡ አይደለም" አልኳት። "ጣቶቼን የበላቸው ይህ ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

ለቀቀችኝ። በፊደሉ መካከል ቆረጥኩ። ደም ፈነጠቀ። ሰውየው አጓራና በጤነኛ እግሩ ሆዴን ረገጠኝ። ቆየና የአውራ ጣቱ ጥፍር ቀላ። እግሩ ተርፏል፤ ዛሬ ያነክሳል እንጂ ያርሳል።

ተመልሼ አራተኛውን ጻፍኩ። የኔታ አነበቡት፤ ቢላውን አላነሡም። ከተማሪዎቼ ሦስቱ ወደ ሌላ መምህር ሄደዋል። የቀሩት ተማሪዎች የተቆረጡትን ጣቶቼን ቦታ እያዩ ያነባሉ።

እህቴን፣ አያ በላይንና የኔታን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአንተ፣ ቁስልህ ለሚጠዘጥዝህ፣ የምለው ይህ ነው። ቁስሉን በጨው ውሃ እጠብ፤ በለሰለሰ ጨርቅ አላልተህ ሸፍን። እሳት ዳር አታድርቀው። ጥዝጣዜው በድንገት ዝም ካለ ደስ አይበልህ፤ ጥፍርህን እይ። ክታብህን አንገትህ ላይ አንጠልጥል። ቁስል ላይ የታሰረ ብራና ካገኘህ ግን ምንም ተጽፎበት ቢሆን ቁረጠው። በዚህ አገር መጀመሪያ እንዲህ አድርጌ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ቁረጥ ብዬሃለሁ።