ጋቢና ውስጥ የቀረው ብርድ

መዳፍ የሚባለው መካኒክ መኪና የሚመረምረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ኮፈኑን ይከፍታል፣ እንደ ሐኪም አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ከዚያ ያን ሰፊ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። ሹፌሮች እንደሚያወሩት ከሆነ፣ ያ እጅ አንዴ ባለመኪናውን ሰላም በማለት ብቻ ፍሬኑ ማለቁን አውቋል። መዳፍ ወሬው ሲደርሰው «መስተዋቱም ተሰንጥቆ ነበር» ብሎ ይጨምርበታል እንጂ አያስተባብልም።

ድሮ ብቻውን አልነበረም። እሱ ከኮፈኑ ሥር ሲጎነበስ፣ ሸሪኩ ፊት ወንበር ላይ እንደ ሚኒስትር ተንሰራፍቶ የሚሆነውን ይነግረው ነበር። ከዚያ ወንበር ንቅንቅ ስለማይል ስሙም ጋቢና ሆኖ ቀረ። መዳፍ «እንዴት ነው?» ይላል፤ ጋቢና «ገና ነው፣ ነዳጅ ጨምርለት!» ይላል። የሁለቱም ግማሽ ዕድሜ በዚህ አለቀ።

በበጋው ሙቀት ጋቢና ድንገት ልቡ ቆሞ ሞተ። መዳፍ ግን ዛሬም የማንንም መኪና ሲሠራ የፊቱን በር ከፍቶ ይተወዋል። ከኮፈኑ ሥር ሆኖ «እንዴት ነው?» ይልና ጆሮውን ያቆማል። ደንበኞች መጀመሪያ ሳቁበት። እየቆየ ግን እነሱም ትንፋሻቸውን ውጠው መልሱን አብረውት መጠበቅ ጀመሩ።

ብርዱ በገባ ሰሞን የጋቢና ሚስት የባሏን አሮጌ ነጭ መኪና እየነዳች መጣች። በኮት ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ፎጣ ደርባለች፤ ከመሪው በላይ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው።

«ምነው እህቴ፣ አልጋውን ለብሰሽው መጣሽ እንዴ?»

«ሳቅ አንተ! እሱ ነው።»

«ማ?»

«ማ ይሆናል! ማሞቂያውን ስከፍተው ቀዝቃዛ ትንፋሽ እፍ ይልብኛል። መንገዱ ሲጎረብጥ ደግሞ ከኋላ ያንኳኳል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካፖርቱን ለወንድሙ ስለሰጠሁበት ተቀይሞኛል።»

መዳፍ ሊስቅ አፉን ከፈተና ሳይስቅ ዘጋው።

«ስማኝ ወንድሜ። ልጄ ወልዳለች፤ ነገ ጠዋት ሕፃኑን ከሆስፒታል የማመጣው በዚህ መኪና ነው። ቂም ያለበት መኪና ውስጥ ግን ጨቅላ አላስገባም። ዛሬ ካልሞቀ ለደላላ እሰጠዋለሁ፤ እንዳታባብለኝ።»

መዳፍ ወደ ፊቱ ወንበር አየ። መሃሉ አሁንም ጎድጉዷል፤ ሰውየው ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ የሄደ ይመስላል። ከሸሪኩ የቀረው ያ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ እሱም ለደላላ ሊሄድ ነው።

ሞተሩን አስነስቶ እስኪግል ጠበቀና ዓይኑን ጨፈነ። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በአንድ የጎማ ቱቦ ወደ ማሞቂያው ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ማሞቂያው ተደፍኗል ማለት ነው። መዳፍ ጨበጣቸው፤ ሁለቱም ያቃጥላሉ። «ውሃው በደንብ ይዞራል» ብሎ ፈረደ። «ሙቁን አየር ከቀዝቃዛው የሚለየው ክዳን ነው የተጣበቀው።»

ዳሽቦርዱን ፈትቶ መሬት ላይ ሲዘረግፈው መኪናው ጥርሱን ያወለቀ ሽማግሌ መሰለ። ክዳኑ ግን በጣት ሲነኩት እንደ አዲስ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከኋላው ያለውን ማሞቂያ ነካው፤ የመቃብር ድንጋይ ነው። መዳፍ እጁን ሰበሰበ። ሁለት የሚያቃጥሉ ቱቦዎች የሚያገለግሉት ነገር እንዴት ይቀዘቅዛል?

«አላልኩህም?» አለች ሴትየዋ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

ምን ያድርግ፣ እንደ ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ገልጦ ቱቦዎቹን ተከተላቸው። ወደ ማሞቂያው ሳይገቡ፣ ሥር ጨለማው ውስጥ፣ በአጭር የብረት ቧንቧ እርስ በርስ ተጋጥመዋል። ውሃው ደጃፍ ድረስ እየመጣ ሳይገባ ይመለሳል። ቧንቧዋ በቀይ ፕላስተር ተጠቅልላለች፤ ኋላ ለመፍታት እንዲያመች የፕላስተሩ ጫፍ ታጥፏል። እንደዚህ ጫፍ የሚያጥፍ ሰው መዳፍ በሕይወቱ አንድ ብቻ ያውቃል።

«እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ነው።»

«ተቀይሞ?»

«ሰንፎ! ማሞቂያው ያፈስ ነበር። መስተዋቱ በእንፋሎት አላስቸገረሽም?»

«በበጋው… አዎ፣ አንዳች የሚጣፍጥ ነገርም ይሸት ነበር።»

«በቃ! የፈሰሰው የሞተር ማቀዝቀዣ ነው የሸተተሽ። ብርድ እስኪመጣ ብሎ አጋጥሞ ተወው። ያ ሰውዬ ለነገ ያላሳደረው ሥራ አለ እንዴ? አዲሱንም ልገዛ ነው ይል እንደነበር…» ወደ መኪናው ኋላ ዞረ። «ከኋላ ያንኳኳል ነው ያልሽው?»

ትርፍ ጎማውን ሲያነሱት ከሥሩ ካርቶን ወጣ፤ በካርቶኑ ውስጥ አዲስ ማሞቂያ። ሲያንኳኳ ከርሞ በሩን የሚከፍትለት ያገኘ መሰለ። ሴትየዋ ካርቶኑን በመዳፏ ዳበሰችው።

ዳሽቦርዱ ቀድሞ መፈታቱ በጀ። መዳፍ ማሞቂያውን ቀየረ፣ ቱቦዎቹን ለያይቶ በየቦታቸው መለሰ፣ ውሃ ሞላ፣ የታመቀውን አየር አስወጣ። ሞተሩን አስነስቶ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለና «እንዴት ነው?» አለ።

«ገና ነው፣ ነዳጅ ጨምርለት!»

ጭንቅላቱ ከኮፈኑ ጋር ተላተመ። ያው የድምፅ ጉተታ፣ ያው ትዕዛዝ፣ ከዚያው ወንበር። ቀና ብሎ ለማየት አቅም አጣ። የነዳጁን ሽቦ ሳበ፤ ሞተሩ ጮኸ።

«አሁንስ?»

«ሞቀ!»

ቀና አለ። ሴትየዋ የወንበሩ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ብርድ ልብሱ ወድቋል፣ እጇን አየሩ ላይ ዘርግታ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«በእንቅልፉ ይጮኸው ነበር እኮ። እኔ ‹እንዴት ነው?› ካላልኩት አያርፍም።» ዓይኗን ሳትገልጥ እንባዋን ጠረገች። «ልጄ ሕፃኑን እዚሁ፣ እሱ ወንበር ላይ ነው ታቅፋው የምትመጣው።»

እሷ ከሄደች በኋላ መዳፍ ቀይ ፕላስተር ያለባትን ቧንቧ ኪሱ ከተታት። ጋራዡን ሊዘጋ ሲል አወጣትና ዓይኑን ጨፍኖ ጨበጣት። ብረት ነች፣ እስካሁን መቀዝቀዝ ነበረባት፤ ግን ትሞቃለች።

«እንዴት ነው?» አላት። ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።