«ከኋላህ!» ብዬ የጮህኩ ዕለት

ከደሴ በወጣሁበት ማታ ታናሽ እህቴ ዘሀራ አላለቀሰችም፤ ምክር ነበራት። «እትዬ፣ የምትሄጅው የካውቦይ አገር ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተገትሮ ዝም ሲል ካየሽ መሬት ላይ ተኚ» አለችኝ። አትሳቁብን፤ ስለ አሜሪካ የምናውቀው ሁሉ ከሲኒማ ቤት የተማርነው ነበር።

ሚኒሶታ ስደርስ ሰው ተገትሮ ዝም የሚለው ሊፍት ውስጥ ነው። ተኩስ የለም፤ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብቻ። ፈረስ እስካሁን አላየሁም።

ልጄ ጀማል ኩን ራፒድስ የሚባል ከተማ ቤት ገዝቶ «ቤዝመንቱ ያንቺ ነው» ይለኛል። ምድር ቤት ድንች ይቀመጥበታል እንጂ ሰው አይቀመጥበትም። ስለዚህ ሆፕኪንስ በምትባል ሌላ ከተማ፣ የአዛውንቶች አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ።

ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሕንፃችን አዳራሽ የድሮ ፊልም አሳዩን። ካውቦይ ነው፤ ግን በካውቦይ የሚያሾፍ ካውቦይ። ሸሪፉ ፈረስ ላይ በወጣ ቁጥር ይወድቃል። የከተማው ጀግኖች ወንበዴ መጣ ሲባል ወንበር ሥር ይገባሉ። መተኮስ የሚችል አንድ ጥቁር ወጥ ቤት ብቻ ነው። ከተማው በሙሉ አድነን ብሎ ይለምነውና «ስትገባ ግን በጓሮ በር» ይለዋል።

ነጮቹ ጎረቤቶቼ መሳቅ እየፈለጉ ፈሩ። ሁሉም ፊት የተቀመጠውን ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ያያሉ። እሱ ሲስቅ ይስቃሉ፤ እሱ ሲያስል ዝም ይላሉ። እኔ ግን ገረመኝ። ልጅ ሆነን ያመንበትን ጀግና የገዛ አገሩ ሰዎች እንዲህ መሳቂያ አድርገውታል። በእኛዎቹ ጀግኖች ፊት እንኳን መሳቅ፣ ማስነጠስም ያሳስራል።

ከዚያ ወንበዴው ቢላ ይዞ ከወጥ ቤቱ ጀርባ መጣ። እኔ ቁጥብ ነኝ፤ ገበያ ውስጥ እንኳ ድምፄ አይሰማም። ሲኒማ ግን ሌላ ነው። ደሴ አክተሩን ሳያስጠነቅቅ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው እንደ ከዳተኛ ይቆጠር ነበር። ተነሥቼ «ከኋላህ! ዙር፣ አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሕንፃው ማናጀር ትከሻዬን ይዛ «የኔ ማር፣ ሰውየው እኮ እዚህ የለም» አለችኝ።

በማግስቱ አእምሮዬን የሚመረምር ወጣት ሶሻል ወርከር ተላከብኝ። ጀማልም ሥራውን ትቶ መጣ። ጃጅታለች ከተባለ ብቻዬን መኖሬ አበቃ፤ ወደ ምድር ቤት መውረዴ ነው።

«ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?» አለኝ ሶሻል ወርከሩ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብሎ።

«በእናንተ ነው በእኛ?»

ወደ ጀማል ዞረ። «ኮንፊውዝድ ናቸው?»

«የለም፣ እውነትም ሁለት ነው» አለ ልጄ አንገቱን ደፍቶ።

«የፊልሙ ሰውዬ ይሰማኛል ብለው አስበው ነበር?»

«ቢሰማኝማ ይዞር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጮኹ?»

«እናንተ ዝም ስላላችሁ።»

ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የጓሮው በር ጋ ስደርስ «ይሄ ምኑ ያስቃል?» አለ።

«ጡረታ እስክወጣ እዚህ አገር ሆቴል ሳጸዳ በየት በር እገባ የነበረ ይመስልሃል?»

መጠየቂያ ወረቀቱን አጣጠፈ። ጤነኛ ናቸው ብሎ ሄደ።

ቤቴ ተረፈልኝ። ማናጀሯ ግን ሁለተኛ ድምፅ እንዳላሰማ ቃል አስገባችኝ። ጀማልም «እማዬ፣ ፕሊዝ፣ ኳየት ሁኚ» አለ። ተስማማሁ። በሚቀጥለው ፊልም አንዱ ከጀርባው ተወግቶ ሲሞት እጄን አፌ ላይ አድርጌ አየሁት።

ጁምዓ ለዘሀራ ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች።

«ምነው እዚያ በሆንኩ» አልኳት፤ «ሲኒማ ገብተን እስኪበቃን በጮህን።»

«የት ያለ ሲኒማ? ዛሬ ሁሉም በየስልኩ ነው የሚያይ፤ ጆሮውን ደፍኖ፣ ብቻውን።»

«አንቺስ?»

«እኔማ» አለች፣ «ከማን ጋር ልጩህ?»