የሸዋረጋ ጥያቄ በረቂቁ ላይ

ሸዋረጋ ቀራንዮ አካባቢ አንደኛ ክፍል ስታስተምር ሥራዋን አትጠግበውም ነበር። ስድሳ ሕፃን በአንድ ድምፅ ፊደል ሲቆጥር ጆሮው የማይደነቁር ሰው ቢኖር እሷ ናት። ግን ጴንጤ ነበረች። በ1971 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ግራ እጇን አንስታ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» እንድትል ታዘዘች። «ከሁሉም በላይማ እግዚአብሔር ነው» አለችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። ሳምንት ሳይሞላ ከሥራ አስወጧት።

ከዚያ ወዲህ ሹራብ እየሠራች ጦር ኃይሎች ሰፈር ወስዳ ትሸጣለች። ሹራቡ ጉሮሮዋን ደፈነላት እንጂ ናፍቆቷን አልደፈነውም። መስከረም በጠባ ቁጥር ያማታል።

ጎረቤቷ እማማ ትርንጎ የመድኃኔዓለምን ደጅ የሚስሙ ሴት ናቸው። «አንቺ ሞኝ፣ እጅ ምን ያውቃል? እጅሽን ለነሱ፣ ልብሽን ለፈጣሪ ነው። እኔስ እንደሱ አይደል የምኖረው?» ይሏታል። ሸዋረጋ ግን ልብንና እጅን መለየት አልሆነላትም።

በ1978 ክረምት የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት ቀበሌ ወረደ። ሊቀመንበሩ አቶ ተክለማርያም ንባብ ላይ እምብዛም ናቸው።

«እስቲ መምህርት፣ አንብቢልን» አሏት።

መምህርት! ከተባለች ሰባት ዓመቷ። መድረክ ላይ ወጥታ አዳራሹን እንደ ክፍሏ አድርጋ አነበበች። የኅሊናና የሃይማኖት ነፃነት የተጠበቀ ነው የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሲጸድቅ እጄን ሳላነሳ ማስተማር እችላለሁ?»

 አቶ ተክለማርያም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው እንጂ።

«ምን ይሄን ያህል አስጨነቀሽ! ስብሰባ ስንዘጋ መድረክ ላይ ያለ ሰው ነው መፈክር የሚያሰማው። ዛሬ አንቺ አሰሚና፣ መስከረም ላይ ክፍልሽ እንድትገቢ እኔው እጽፍልሻለሁ» አሉ።

ሰዉ ለመፈክሩ ተነሣ። እማማ ትርንጎ ከፊት ሆነው በዓይናቸው «በይ እንጂ» ይሏታል። እውነቱን ለመናገር፣ ፈለገች። እንዴት አትፈልግ! ግራ እጇ እስከ ወገቧ ተነሣ። ከዚያ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አሁን ያነበብኩላችሁን አሁኑኑ ላፍርሰው?» አለችና ወረደች። መፈክሩን ሌላ ሰው አሰማ።

ሲበተኑ የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ ጠያቂዎቹን መዘገበ።

«ሥራ?»

«መምህርት።»

ጸሐፊው ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ አየ። አቶ ተክለማርያም አቀረቀሩ። አስተማሪ የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ይችልበታል፤ ሸዋረጋም ጸሐፊው «የቤት እመቤት» ብሎ ሲጽፍ ከፊቱ ቆማ አነበበችው።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አለች።

«እትዬ፣ ካልፈረሙበት ጥያቄው ወደ ላይ አይተላለፍም» አላት።

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ጥያቄዋ እንዲሄድላት ብላ «የቤት እመቤት» ከሚለው አጠገብ ፈረመች።