ሳይቃጠል የቀረው ጋቢ

እናቴ ለቅሶ አያመልጣትም ነበር። ጉለሌ ውስጥ ሰው ሞተ ከተባለ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ያያት ሰው ሟቹ የሥጋ ዘመዷ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አታውቀውም። እንጨት ለቃሚም ይሁን የሠፈሩ ትልቅ ሰው፣ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ፣ ደረቷን ደቅታ፣ ሟቹን በደግነቱና በጀግንነቱ አሞግሳ ትመለሳለች።

«እማዬ፣ ጀግና መሆኑን በምን አወቅሽ?» እላታለሁ።

«ሳይሆን አይቀርም» ትለኛለች፣ ነጠላዋን እያጣጠፈች።

ምክንያቱን የነገረችኝ ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። በኅዳር በሽታ ጊዜ እሷ ገና ያላገባች ልጅ ነበረች። ወላጆቿም ወንድሞቿም በአንድ ሰሞን አለቁ። የሚገንዝም፣ የሚቀብርም፣ የሚያለቅስም ጠፍቶ ጓሮ ውስጥ አፈር ለበሱ። ብቻዋን ተረፈች፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ የሆነ ሰው እንደዚያ አይቀበርም ብላ ማለች። የእኔ የሆነ የምትለው ደግሞ ሠፈሩን በሙሉ ነበር።

አባታችን ጣሊያንን ሊወጋ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። አስከሬን ስላልነበረ ኮቱን መደብ ላይ አኑረን አለቀስን። ያኔ ደንቡ ይኸው ነበር፤ የሟች ልብስ ለቅሶው መሐል ይቀመጣል፣ ቅርብ ዘመድ ያነሳዋል፣ ያቅፈዋል፣ እያነባ ለሌላው ያቀብለዋል። እናቴ የአባቴን ኮት ይዛ ስታለቅስ ያየኋት መቼም አይጠፋኝም። ለእሷ ልብስ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነበር።

ያኔ ጉለሌ ከተማ ነው ለማለትም ገጠር ነው ለማለትም አይመችም ነበር። ከታች ጣሊያን መንገድ ያስጠርጋል፣ ከላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው፣ መሐሉ ላይ የገብስ ማሳና የሸማኔ ጎጆ ተቀላቅሏል። የእህቴ ባል ከእነዚያ ሸማኔዎች አንዱ ነበር። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ መወርወሪያውን እየወረወረ ሰው ሲያስቅ የሚውል ሰው። ለሠርጉ የሚሆን ጋቢ ለራሱ ሠርቶ ነበር፤ ዳሩ ላይ ቀጭን ጥቁር ጥለት ያለው። ጥበቡን የሸማኔው ሠፈር ሁሉ ያውቅለታል።

ካገቡ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ብሎ ከሌሎች ወንዶች ጋር ወሰደው። ከወራት በኋላ ሲመለስ ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል፣ ቀልዱ ግን አብሮት ተመልሷል። ለእህቴ የነገራት ነገር ቀልድ አልነበረም። ሥራው ቦታ ተስቦ ገብቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። የታመመውን ሰው ልብስ በበርሜል ይቀቅላሉ፣ የሞተውን ያቃጥላሉ። ተስቦ ከልብስ ወደ ልብስ በቅማል እንደሚሄድ እዚያ በዓይኑ አይቷል።

«እኔንም ሳይዘኝ አይቀርም» አላት። «ከተኛሁ ሰው አታስገቢ። ከሞትኩ ጋቢዬን አቃጥዪው።»

በነጋታው ተኛ። እህቴ አጋም ቆርጣ በሯ ላይ ከመረችና ከውስጥ ሆና ሠፈሩን ሁሉ ከለከለች።

ይህ ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። በሽተኛ ያለበት ቤት በሩ ክፍት ነው። ጎረቤት ይገባል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ግንባሩን ይዳስሳል፣ እግዜር ይማርህ ይላል፣ ጠበል ያስጠምቃል። በሩን የዘጋ ሰው በሽተኛውን በቁሙ ቀብሮታል። ሠፈሩ «ጣሊያን ሆናለች» አላት። ባሏ እንዲሞትላት የፈለገች ናት ያለም አልጠፋም።

እናቴ በመጀመሪያው ቀን እኔን አስከትላ ሄደች። አጋሙ ፊት ቆመን ተጣራች።

«ክፈቺ።»

«አልከፍትም እማዬ። እሱ ነው እንዳትከፍቺ ያለኝ።»

«የታመመ ሰው ያለውን ትሰሚያለሽ? ትኩሳቱ ነው የሚያናግረው።»

«ሳይታመም ነው ያለኝ።»

እናቴ አጋሙን ልትገፋ ሞከረች፣ እሾሁ መለሳት። ከዚያ፣ «ሰው ምን ይለናል?» አለች፤ ድምጿ ተሰብሮ ነበር።

«ይበሉ» አለች እህቴ። «በይ ሂጂልኝ እማዬ፣ ብርዱ አይምታሽ።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤት ተመለሰች። እኔ በልቤ ለእህቴ አደላሁ፤ ለእናቴም አዘንኩ። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ለጣሊያን ሐኪሞች መንገር የሚባል ነገር ማንም አላሰበም። ተስቦ ያለበትን ቤት ካገኙ በሽተኛውን በካሚዮን ጭነው ይወስዳሉ ይባላል፤ ወዴት እንደሚወስዱት የሚያውቅ አልነበረም። ምናልባት የሚያድኑትም ይኖሩ ይሆናል። በየካቲቱ እልቂት ቤት ከነሰው ሲቃጠል ያየ ሕዝብ ግን እነዚያው ሰዎች ቤታችሁን ልናጸዳ መጣን ቢሉት በምን አንጀቱ ያምናቸዋል? እነሱን ከመጥራት በሽታውን መደበቅ ቀለለን። ይህም ከሚቆጨኝ ነገር አንዱ ነው፤ ማንን እንደምወቅስበት ግን አላውቅም።

እህቴ ልብሱን ሁሉ ትቀቅል ነበርና ማገዶ ቶሎ ያልቅባታል። እኔ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅርንጫፍ ተሸክሜ እየመጣሁ ከአጋሙ ማዶ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖርላታለሁ። አንዳንዴ እናቴ ሳትናገር አጥሚት ትሰጠኝና አብሬ አኖረዋለሁ። እህቴ እኔ ራቅ እስክል ጠብቃ ትወስዳለች። «የእማዬ አጥሚት ነው አይደል? ጨው በዝቶበታል» ትለኛለች በአጥሩ ቀዳዳ። እናቴ ስትናደድ ጨው ታበዛለች።

እሱ ሞተ። እህቴ ንስሐ አባቱንና መሬት የሚቆፍሩ ጥቂት ወንዶች ብቻ አስጠርታ፣ በተቀቀለ ነጭ ጨርቅ ገንዛ፣ ማለዳ አስቀበረችው። እኛ የሰማነው ከተቀበረ በኋላ ነው። እናቴ ዜናው ሲነገራት አልጮኸችም። እዚያው የቆመችበት መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ «እንደ ወንድሞቼ» አለች።

አመሻሽ ላይ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እኛ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። የእህቴ በር ስለተዘጋ ለቅሶው የት ይሁን ሲባል እናቴ እኔ ጋ ነው ብላለች። ውሃ ቀድቼ ገና ከመግባቴ መደቡ ላይ ጥቁር ጥለት ያለውን ጋቢ አየሁት፣ ተዘርግቶ። ልቤ ደስ አለው። እህቴ ልካው፣ ከእናቴ ጋር ታርቀው ነው ብዬ። እውነቴን ነው፣ በለቅሶ ቤት መሐል ደስ ብሎኝ ነበር።

ሠፈሩ ሁሉ መጣ። በበሽታው ጊዜ ያልጠየቁትን በሞቱ ሊክሱት ይመስል፣ ሸማኔዎቹ ከነሚስቶቻቸው መጡ፣ ከላይ ከእንጦጦ ግርጌ ያሉት ገበሬዎች መጡ። ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ እያለቀሰ ጋቢው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጥበቡን እያነሱ አሞገሱት። ፊታቸውን ቀበሩበት፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። እናቴ ቤቷ ሞልቶ፣ ሟቿ እንደ ሰው ተለቅሶለት፣ መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። እንደዚያ ቀን ሸክም የቀለላት ሆና አይቻት አላውቅም።

ያን ጊዜ እህቴ በራችን ላይ ደረሰች። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ለብሳው የመጣችው ከመቀቀል ብዛት የተኮማተረ ቀሚስ ነው። አልገባችም። ከደጅ ሆና ጮኸች።

«እማዬ፣ ጋቢውን ጣዪው። አትንኩት፣ ሁላችሁም አስቀምጡት። እሱ ነው አቃጥዪው ያለኝ።»

ለቀስተኛው ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «ባሏን ደብቃ ቀበረች፣ አሁን ደግሞ ልብሱን ልትነጥቀን መጣች» አለች። ወንዶቹ ተነስተው ከበሩ መለሷት። እህቴ እየተገፋችም እንዳይነኳት ወደ ኋላ እያፈገፈገች፣ «እማዬ» ትላለች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ አልወጣችም።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እህቴ ሌላውን ልብስ በሙሉ በቀብሩ ቀን አቃጥላለች። ጋቢውን ግን እሳቱ ዳር አድርሳ መለሰችው። በእጁ የሠራው ነውና አላስቻላትም። ነገ አቃጥለዋለሁ ብላ፣ ከቤት እንዲርቅ በጓሮው እሾህ አጥር ላይ ሰጣችው። እናቴ አመሻሽ ላይ በጓሮ ዞራ ያነሳችው ከዚያ ላይ ነው። አንዷ ለአንድ ቀን ልታቆየው ፈለገች፣ አንዷ ልታለቅስበት ፈለገች። ሁለቱም የፈለጉት ሰውየውን ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እናቴን ራስ ምታት ጣላት። ጋቢውን ካቀፉት ሸማኔዎች ሦስት አራት ቤት ተኛ። ከላይ ካሉት ገበሬዎችም መርዶ መጣ። ትኩሳቱ ሲይዛት እናቴ ማንም ሳይነግራት ገባት። አየችኝና፣ «በሩን ዝጊው» አለችኝ።

እኔም እንድወጣ ለምናኝ ነበር። አብሬያት ስተኛ ከርሜ የት እሄዳለሁ? አልወጣሁም። እኔንም በኋላ ያዘኝና ለጥቂት ተረፍኩ።

እህቴ የእናቴን መታመም እንደሰማች መጣች። አሁን ከውስጥ እኔ ነኝ፣ ከውጭ እሷ ናት።

«ክፈቺልኝ፣ እኔ ላስታማት። በሽታውን አውቀዋለሁ፣ አልፈራውም።»

ወደ እናቴ ተመለስኩ። ዓይኗ ተከድኖ ነበር፣ ግን ሰምታለች። «እንዳትገባ» አለች። «እሷ አንዴ አምልጣለች። ልጄን ደግሜ እሳት ውስጥ አልከትም። እንዳትገባ፣ በማርያም በያት።» ከዚያ ደግሞ፣ «ልክ ነበርሽ በያት» አለች።

ወጥቼ እንዳለችው ነገርኳት፣ ቃል በቃል። እህቴ ፊቷን ወደ አጥሩ ቀዳዳ አስጠጋች።

«ተቀይማኛለች፤ ‹እትዬ፣ አይዞሽ› እያልሽ አታጽናኚኝ፣ ገብቶኛል» አለች።

«እትዬ፣ በማርያም ነው የምልሽ። እንዲህ ነው ያለችው።»

«እሺ» አለች። ተሸክማው የመጣችውን ማገዶ በራችን ላይ አስቀምጣ ሄደች። በየቀኑ አስቀመጠች። እናቴ አንድ ቀን ነቃ ብላ፣ «አጥሚት አላመጣችም?» አለችኝ። አምጥታ ነበር። በትንሽ ማንኪያ ቀመሰችና፣ «ጨው የለውም» አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ለእህቴ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ስትሞት የጠየቀችኝ ነገር አንድ ነው፤ ልብሷን እንዳላወጣው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ አቅፋ ያለቀሰች ሴት ያለ ልብስ ይለቀስልኝ አለች። ጥቂት ሰዎች ሆነን ማለዳ ቀበርናት። እህቴ ራቅ ብላ ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። የእናቴን ነጠላና ቀሚስ፣ ያን ጋቢም ጨምራ በገዛ እጇ አቃጠለች።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች ከበር በር ዞረች። አንድም ቤት አልገባችም። ማገዶውን ደጃፍ ላይ ታወርዳለች፣ «ልብሳችሁን ቀቅሉ፣ የሞተውን አቃጥሉ» ትላለች፣ ታልፋለች። ያ ከለቅሶ ያባረራት ሠፈር መጀመሪያ ዝም አላት። በኋላ አንድ ሁለት ቤት በርሜል ጣደ፣ ከዚያ ሌላው ጣደ። ተስቦው ከእኛ ሠፈር ወጣ። እሷን ያመሰገናት ሰው እንደነበር አላስታውስም።

ጣሊያን ሄደ፣ ዘመኑ ተለወጠ፣ ሁለታችንም አረጀን። እህቴ ሰው ቤት ስትመጣ በር ላይ ቆማ ትጣራለች። እኔ ቤት እንኳ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወጥቼ እጇን ይዤ ካላስገባኋት አትገባም። እዚያ በር ላይ ባገኘኋት ቁጥር የእናቴን ቃል እነግራት ነበር፤ እየሰማች ወሬ ትለውጥብኛለች።

በመጨረሻ እኔው ቤት ነው የተኛችው። ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ በሬም ለጠያቂ ሁሉ ክፍት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ጠያቂዎቹ ሲወጡ እጄን ያዘችኝ።

«እውነት እማዬ እንዳትገባ ያለችው ለእኔ አስባ ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው እትዬ። ልክ ነበርሽ ብላለች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ትራሷ ላይ ቀና አለች። ከዚያ እጄን በሌላው እጇ መታ መታ አደረገችና፣ «አንቺ እኮ ከድሮም ደግ ነሽ» አለችኝ።